ከሁለት ቦታ የታየች አገር



ባለፈው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ አንዲት የፊዚክስ ተመራቂ ተማሪ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላት ለመጠየቅ ወደ ቢሮዬ መጥታ ነበር። ውጤቷ የሚያስመሰግን፣ በቤተ ሙከራም እጇ የተፍታታ ተማሪ ስለሆነች ደብዳቤውን ለመጻፍ አላመነታሁም። ሆኖም እንደ ልማዴ አንድ ጥያቄ አቀረብኩላት። «የምትሄጂው ምን ለማየት ነው?» አልኳት። ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «መምህር፣ እዚህ የሌለውን ለማየት ነዋ!» ስትል መለሰችልኝ።

መልሷ ስሕተት አልነበረም። እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ብጠየቅ ይህንኑ እመልስ ነበር። የተሟላ ቤተ ሙከራ፣ ሰፊ ቤተ መጻሕፍት፣ በስማቸው ብቻ የምናውቃቸው ሊቃውንት የሚያስተምሩበት አዳራሽ፣ እነዚህ ሁሉ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን ይህ የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ እኔ የተማርኩት በሰው አገር፣ ያውም በእፍረት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም ከእኔ በኋላ የሚሄዱ ተማሪዎች በዚያው እፍረት ውስጥ እንዳያልፉ ያለኝ ምኞት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እገልጻለሁ።

አንድ አውራ ጣትና ሁለት ዓይን

ነገሩን ከፊዚክስ እንጀምር። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በግራው ብቻ ጣታችሁን ከፊት ለፊት ካለው ግድግዳ አንጻር ተመልከቱ። ቀጥሎም ግራውን ጨፍናችሁ በቀኙ እዩ። ጣታችሁ ሳትንቀሳቀስ ቦታዋን የቀየረች ትመስላለች። ይህ በተመልካቹ ቦታ መለወጥ ምክንያት የሚታይ ለውጥ ፓራላክስ ይባላል። ጣታችሁን ወደ ፊታችሁ ብታቀርቡ ለውጡ ይጨምራል፤ ብታርቁ ይቀንሳል። እንግዲህ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለውን ርቀትና የለውጡን ማዕዘን ያወቀ ሰው፣ ጣቷ ምን ያህል እንደምትርቅ ሜትር ሳይዘረጋ አስልቶ ሊናገር ይችላል። በአንድ ዓይን፣ ከአንድ ቦታ ሆኖ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም።

የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የከዋክብትን ርቀት ለመለካት የቻሉት በዚሁ ዘዴ ነው። ለከዋክብት ግን በሁለት ዓይኖች መካከል ያለው ስድስት ሰባት ሴንቲ ሜትር ስለማይበቃ፣ ምድር ፀሐይን በምትዞርበት ምሕዋር ላይ በስድስት ወር ልዩነት፣ ማለትም 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ከሚራራቁ ሁለት ቦታዎች አንዱን ኮከብ ይመለከቱታል። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቤሰል በ1838 «61 ሲግኒ» በመባል የሚታወቀውን ኮከብ ርቀት በዚህ መንገድ ለክቶ ይፋ አደረገ። ያገኘው ማዕዘን ከአንድ ዲግሪ አሥር ሺህ እጅ አንዱን እንኳ የማይሞላ ነበር። በ2013 ወደ ሕዋ የመጠቀችው ጋያ የተባለች የአውሮፓ መንኰራኵርም እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ በሠራችው ሥራ ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን የተመለከተችው በዚሁ መሠረታዊ ሐሳብ ነው።

ከቤሰል ብዙ ዘመን በፊት፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የዴንማርኩ ቲኮ ብራሄ ይህንኑ ለውጥ ፈልጎ አጥቶት ነበር። ለውጥ ባለማየቱም ምድር አትንቀሳቀስም ወደሚለው ሐሳብ አዘነበለ። ቲኮ በዘመኑ ወደር ያልነበረው ተመልካች ነው። ይሁን እንጂ ቴሌስኮፕ ገና አልተፈለሰፈምና መሣሪያዎቹ ይህን ያህል ረቂቅ ማዕዘን ለመለየት አቅም አልነበራቸውም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እንያዝ። አንደኛ፣ ከሁለተኛው ቦታ የሚገኘው ንባብ ዋጋ የሚኖረው ከመጀመሪያው ቦታ የተገኘው ንባብ በጥንቃቄ ተመዝግቦ ከተቀመጠ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ቦታ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ልዩነቱን የሚለይ የሠላ መሣሪያም ያስፈልጋል።

በሰው አገር ያገኘሁት ስም

የመጀመሪያ ዲግሪዬን የተማርኩት አራት ኪሎ በሚገኘው የሳይንስ ፋኩልቲ ነው። በግቢው ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ይገኝ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ከመማሪያ ክፍል ወደ ምግብ ቤት ስመላለስ በአጠገቡ ያለፍኩባቸው ጊዜያት ቢቆጠሩ ከሺህ አያንሱም። አንድም ቀን ግን ወደ ውስጥ ገብቼ «እዚህ የምትለኩት ምንድን ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ከዓመታት በኋላ ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ጀርመን አገር ሄድኩ። በመጀመሪያው ወር አማካሪዬ የነበሩት ፕሮፌሰር ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «እንግዲያው የመጣኸው ከኤሌክትሮጄቱ ሥር ነው! የአዲስ አበባን የመግነጢስ መዛግብት ለመሆኑ አይተሃቸዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም የምመልሰው አጥቼ አቀረቀርኩ። ያን ዕለት ማታ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ ጉዳዩ የተጻፈ አንድ ቆየት ያለ ጥናት ስከፍት፣ የመለኪያ ጣቢያዎች ስም በሠንጠረዥ ተደርድሮ አገኘሁ፤ ሁዋንካዮ፣ ፔሩ፤ ትሪቫንድረም፣ ሕንድ፤ አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ። ለካስ ያ ሺህ ጊዜ ያለፍኩት ቤት ከ1957 እስከ 1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ የተቋቋመና፣ ንባቡ በመላው ዓለም ተመራማሪዎች እጅ የሚገኝ ጣቢያ ኖሯል።

ኤሌክትሮጄት ምንድን ነው? በመቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ አዮኖስፌር በሚባለው የከባቢ አየር ክፍል፣ የፀሐይ ጨረር አየሩን ወደ ኤሌክትሮኖችና አዮኖች ይከፋፍለዋል። የምድር መግነጢሳዊ መስክ በአብዛኛው የዓለም ክፍል ወደ መሬት ወይም ወደ ሰማይ ያዘነበለ ነው። በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ላይ ግን ፍጹም አግድም ይሆናል። ይህ መሥመር በአገራችን በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። በዚያ ከፍታ አዮኖች ከአየር ቅንጣቶች ጋር በመጋጨት ሲጓተቱ ኤሌክትሮኖች ግን በነጻነት ይንቀሳቀሳሉ። በዚህም የተነሣ በንጣፉ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ላይ ተቃራኒ ሙሎች ይከማቻሉ። መስኩ አግድም በመሆኑም የተከማቸው ሙል በመስክ መሥመሮቹ ላይ ተንሸራቶ ማምለጫ አያገኝም። ይህ ክምችት የሚፈጥረው ኃይል ኤሌክትሮኖችን ወደ ምዕራብ ሲነዳቸው፣ በቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይወለዳል። ጅረቱ ከመሥመሩ በስተሰሜንና በስተደቡብ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮችን ብቻ የሚሸፍን ጠባብ መቀነት ነው። በየዕለቱ እኩለ ቀን ገደማ በመሬት ላይ ያለ የመግነጢስ መለኪያ ንባብ ከፍ ሲል ይመዘገባል።

በአጭሩ፣ በየቀኑ ከራሴ በላይ የሚፈስ ወንዝ ነበር፤ ያወቅሁት ግን ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ ከሄድኩ በኋላ ነው። ያን ሌሊት የተሰማኝ እፍረት አገሬን ባለማወቄ ብቻ አልነበረም። ከአማካሪዬ ጋር በእኩልነት ልነጋገርበት የምችለውን የመጀመሪያ ንባብ ሳልይዝ መሄዴ ነበር። እሳቸው ሁለተኛውን ቦታ አዘጋጅተው ጠበቁኝ፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን ጥዬ ሄድኩ።

ያው መሥመር በሌላ አገር

ከላይ የጠቀስኩት መሥመር በደቡብ ሕንድም ያልፋል። ቪክራም ሳራባይ የተባለው ሕንዳዊ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኮስሚክ ጨረሮች አጥንቶ በ1947 ወደ አገሩ ሲመለስ በአሕመዳባድ የፊዚክስ ምርምር ተቋም መሠረተ። ኋላም የሕንድን የሕዋ ምርምር ሲያቅድ፣ በትሪቫንድረም አጠገብ የምትገኘው ቱምባ የተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ለሮኬት ማስወንጨፊያነት ተመረጠች። ምክንያቱ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በዚያ በማለፉ ነው። የመጀመሪያዋ ሮኬት ከቱምባ የተወነጨፈችው በኅዳር ወር 1963 ሲሆን፣ ሮኬቷ ከአሜሪካ የመጣች፣ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያንም በቢሮነት የሚያገለግል ነበር። የዛሬው ታላቅ የሕንድ የሕዋ ምርምር የተጀመረው እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው።

ሳራባይ ከኬምብሪጅ ይዞት የተመለሰው የኬምብሪጅን ቤተ ሙከራ ቅጂ አይደለም። የአገሩ መልክዓ ምድር ሌላ አገር የሌለው ሳይንሳዊ ሀብት እንዳለው የሚያይ ዓይን ነው። መሥመሩ ከእኛም በላይ ያልፋል። ይህን የምጽፈው ለቁጭት ብቻ ሳይሆን፣ የዚህ መጽሔት ወጣት አንባብያን ነገ ምን ሊጠብቃቸው እንደሚችል ለማመልከት ነው።

የእንዶድ አረፋ

ከራሳችን አገር ደግሞ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ እናንሣ። አክሊሉ በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1964 በዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ያጠኑ ነበር። የዚህ በሽታ አምጪ ጥገኛ ትል የሕይወቱን ከፊል የሚያሳልፈው በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አካል ውስጥ ነው። በወንዙ ዳር ሴቶች እንደ አያት ቅድመ አያቶቻቸው በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። አክሊሉ ከልብስ ማጠቢያው ዝቅ ባለው የወንዝ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው መገኘታቸውን አስተዋሉ። ከዚህም ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣ የመግደል ባሕርይ እንዳለው አረጋገጡ።

እስቲ እናስተውል። እንዶድን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ወንዙም፣ አጣቢዎቹም፣ ቀንድ አውጣዎቹም ለዘመናት እዚያው ነበሩ። የጥገኛ ትሉን የሕይወት ዑደት የሚያውቅ የውጭ አገር ሊቅም አልጠፋም። የታጣው ሁለቱን ንባቦች በአንድ ራስ ውስጥ የያዘ ሰው ነበር። በአፍሪካ የተካሄደ ምርምር ግን በቀላሉ ታማኝነት ስለማያገኝ ግኝቱ በዓለም ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ብዙ ዓመታት መታገል ግድ ሆነባቸው። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በ1966 በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

መመለስ ብቻውን መልስ ነውን?

ባሕር ማዶ ስለ መማር ሲነሣ ሁልጊዜ የሚከተለው ጥያቄ «ልመለስ ወይስ ልቅር?» የሚል ነው። በዚህ ረገድ የፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ የአብዱስ ሰላም ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ሰላም በኬምብሪጅ ተምሮ በ1951 ወደ ላሆር ተመለሰ። እዚያ ግን የሚያነጋግረው ባልደረባ፣ በጊዜው የሚደርስ መጽሔትም አልነበረውም። ከማስተማሩ በተጨማሪ የኮሌጁን የእግር ኳስ ቡድን እንዲመራ ተመድቦም ነበር። በ1954 ሳይወድ በግድ እንደገና ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ።

ሰላም ይህን ብቸኝነት አልረሳውም። አንድ ወጣት ተመራማሪ ከአገሩና ከሙያው አንዱን ብቻ እንዲመርጥ መገደድ የለበትም በሚል እምነት፣ በ1964 በኢጣልያ ትሪየስቴ ከተማ ዓለም አቀፉን የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል መሠረተ። በማዕከሉ አሠራር መሠረት በታዳጊ አገር የሚኖር ተመራማሪ በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ ጥቂት ጊዜ እየተመላለሰ ለሳምንታት ወይም ለወራት እዚያ ይሠራል፤ ኑሮውና ማስተማሩ ግን በአገሩ ይቀጥላል። ሰላም በ1979 የኖቤል ሽልማትን ከሁለት አሜሪካውያን ጋር ተካፈለ። ማዕከሉም እሱ ካረፈ በኋላ በስሙ ተሰየመ። ለአያሌ ኢትዮጵያውያን የፊዚክስና የሒሳብ መምህራንም ደጁን ከፍቷል።

በሌላ በኩል፣ ውጭ አገር የኖረ ሁሉ አገሩን ትቷል ማለትም አይደለም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በጅማና በዓለማያ ተምረው በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ ወደ ሱዳን ሄዱ። በዚያም ድርቅን የሚቋቋም ዲቃላ የማሽላ ዘር አውጥተው በ1983 ለገበሬዎች እንዲደርስ አደረጉ። ወደ ፐርዱ ተመልሰውም አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ከባልደረቦቻቸው ጋር አበልጽገዋል። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። አቀንጭራ ማሳውን ሲያወድምበት ያላየ ሰው፣ ይህን አረም የዕድሜ ልክ የምርምር ጥያቄው ለማድረግ ይከብደዋል ብዬ አምናለሁ።

የእኔን ከተናገርኩ፣ ከተመለስኩ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከባድ ነበሩ። የማስተምረው ሰዓት ብዙ ነበር፤ ስለ ምርምሬ የምወያየው ሰው በአቅራቢያዬ አልነበረም፤ ኢንተርኔቱ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል፣ መብራቱ ሲመጣ ኢንተርኔቱ ይሄዳል። ከአንዴም ሁለቴ ሻንጣዬን ዓይቻለሁ። ያጸናኝ ከቀድሞ ቤተ ሙከራዬ በውሰት የተላከልን አንዲት የጂፒኤስ መቀበያ ናት። ከሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቼ ጋር በትምህርት ክፍላችን ጣሪያ ላይ ተከልናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የውጭ ባልደረቦቼ ከእኔ የሚፈልጉት፣ እኔም ከእነሱ የምፈልገው ነገር ተገኘ።

ከመሄድ በፊት

እንግዲህ ለመሄድ የምታስቡ ተማሪዎች ሦስት ነገሮችን ብታስቡ መልካም ነው እላለሁ። በመጀመሪያ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በዙሪያችሁ ያለውን ነገር ጠይቁ፤ ያያችሁትንም በማስታወሻ አስፍሩ። የምትማሩት ጂኦሎጂ ከሆነ ስምጥ ሸለቆውን፣ ባዮሎጂ ከሆነ የአያቶቻችሁን ጓሮ፣ ፊዚክስ ከሆነ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ። ይህ የመጀመሪያው ንባባችሁ ነው።

ሁለተኛ፣ መሣሪያችሁን ሣሉ። ሒሳብን በሚገባ ያልያዘ፣ ሐሳቡን በጽሑፍ መግለጽ የማይችል፣ ሲሳሳት «ተሳሳትኩ» ለማለት የሚያፍር ተማሪ የትም ቢሄድ እንደ ቲኮ ለውጡን ሳያይ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ «ውጭ» ማለት አውሮፓና አሜሪካ ብቻ እንዳልሆነ እወቁ። በ2003 በደቡብ አፍሪካ ሥራውን የጀመረው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎችን በአንድ ማዕድ ያስተምራል። የትሪየስቴው ማዕከልም በ2018 በኪጋሊ አጋር ተቋም አግኝቷል። ከኬንያዊ፣ ከሱዳናዊ ወይም ከካሜሩናዊ ጋር አንድን ስሌት ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ ማደርም የእይታን ስፋት ይሰጣል።

ወደ ተማሪዬ ልመለስና ልፈጽም። «እዚህ የሌለውን ለማየት ነዋ» ባለችኝ ጊዜ፣ «በዚህ ሕንጻ ጣሪያ ላይ ያለችው መሣሪያ ምን እንደምትመዘግብ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «የቴሌቪዥን አንቴና ትመስለኝ ነበር» አለች። በዚያች ቅጽበት ያፈርኩት በእሷ አይደለም። አማካሪዬ እኔን በጠየቁኝ ጊዜ እንዳፈርኩት ሁሉ አሁንም በራሴ አፈርኩ። አራት ዓመት ሙሉ በአጠገቧ ስታልፍ፣ መምህሯ ሆኜ አንድ ቀን እንኳ ወደ ጣሪያው አላወጣኋትም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ አብረን ወጣን። ከዚያም ወርደን የመጋቢት ወርን መዛግብት በኮምፒውተር ከፈትን። ቀን ላይ ረግቶ የቆየው የሳተላይት ምልክት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንደ ነፋስ የመታው መብራት ሲርገበገብ ታየ። «መምህር፣ ጨለማ ሲሆን ለምን ይረበሻል?» አለችኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ የአዮኖስፌር ታችኛው ክፍል ሙሉን ፈጥኖ እንደሚያጣ፣ ያኔም ከባዱ ንጣፍ በቀላሉ ላይ እንደ ተቀመጠ ፈሳሽ ሚዛኑን ስቶ አረፋ መሰል ክፍተቶች ወደ ላይ እንደሚወጡ፣ በእነሱም ውስጥ የሚያልፈው የሬዲዮ ሞገድ እንደሚበተን አስረዳኋት። «ታዲያ አንዳንዱ ሌሊት የሚረበሸው፣ አንዳንዱ የማይረበሸው ለምንድን ነው?» ስትል ቀጠለች። ይህን በእርግጠኝነት አስቀድሞ መናገር የቻለ እስካሁን እንደሌለ ነገርኳት። ዝም ብላ ሌላ ቀን ከፈተች፤ ቀጥላም ሌላ።

ደብዳቤውን የጻፍኩላት በዚያው ሳምንት ነው። ለዩኒቨርሲቲው የምትልከውን የራሷን ማመልከቻም እንዳይላት ሰጥታኝ ነበር። ቀድሞ የጻፈችውን ሰርዛ በምትኩ ያንኑ ጥያቄ አስቀምጣለች። መልሱን ገና እየጠበቀች ነው። ዕድሉን ብታገኝም ባታገኝም የመጀመሪያው ንባብ በእጇ ነው። እኔም ከዘንድሮ ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼን በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ጣሪያው ማውጣት ጀምሬአለሁ።

ለመሄድ ለተነሣችሁ ሁሉ መልካም ጉዞ፤ ለተመለሳችሁም እንኳን ደኅና ገባችሁ።